የአምቡሊ ወንዝ አፍ፤ ጨውና ጎርፍ የሚገናኙበት ምድር

ወንዝ በተባለ ጊዜ አብዛኞቻችን በኅሊናችን የምንስለው ክረምት ከበጋ ሳያቋርጥ የሚፈስ፣ ግራና ቀኙ በለመለመ ዛፍ የተከበበ ውኃ ነው። የጅቡቲ ከተማ ወንዝ ግን ከዚህ ሥዕል ጋር አይስማማም። ስሙ አምቡሊ ሲሆን፣ ከዓመቱ ቀናት በአብዛኞቹ አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት ሰፊ ቦይ ሆኖ ይታያል። መንገደኛ እግሩ ሳይርስ ይሻገረዋል፤ ፍየል በወለሉ ላይ ትሰማራለች፤ እንግዳ ሰው ወንዝ መሆኑን የሚረዳው ከላዩ የተሠራውን ድልድይ ሲመለከት ነው። ሆኖም ይህ የሞተ የሚመስለው ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ጨውንና ሐሩርን በመቋቋም ረገድ አቻ የማይገኝላቸው ዕፅዋት ይበቅላሉ።

የሀገራችን የገቢና የወጪ ንግድ እጅግ የሚበዛው ክፍል በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ ከተማይቱን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። በባቡር ሐዲዱ የሠራው፣ በከባድ መኪና የተመላለሰው፣ በወደቡ ዕቃ ያወረደው ሁሉ ስለ ሙቀቷና ስለ መርከቦቿ ይተርካል። የወንዟን አፍ ልብ ብሎ የተመለከተ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በዚያ ስፍራ ምን ዓይነት ዕፅዋት እንዳሉ፣ እንዴት ሊኖሩ እንደቻሉና ለከተማው ሕዝብ ምን እንደሚጠቅሙ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንወዳለን።

ደረቅ ወንዝ ሞተ አይባልም

ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ከሚወርዱት ወንዞች አንዱ አዋሽ ነው። አዋሽ ከ1,200 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ተጉዞ የአፋርን በረሐ ካቋረጠ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐሩር ሊሻገር አልቻለም። አምቡሊ ግን ከአዋሽ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ቢሆንም፣ በስተ ደቡብ ምዕራብ ካሉት ደረቅ ኮረብታዎች ተነሥቶ በባልባላ ሠፈርና በነባሩ ከተማ መካከል አልፎ ባሕር ይገባል። በዚህም ምክንያት አዋሽ ያላገኘውን ዕድል አምቡሊ አግኝቷል ማለት ይቻላል።

በጅቡቲ ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። ከዚህም በላይ ያው ጥቂቱ ዝናብ በወራት ተከፋፍሎ የሚወርድ ሳይሆን፣ አንዳንድ ዓመት ጨርሶ ይቀራል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። መሬቱ ድንጋያማና ከዕፅዋት የተራቆተ ስለ ሆነ ውኃውን ይዞ ለማቆየት አይችልም። ስለዚህ ወንዙ ማለዳ ደረቅ ሆኖ ታይቶ፣ ማታ ቤት የሚያፈርስ ጎርፍ ሊሆን ይችላል።

ይህን ጠባይ ለመረዳት የድሬዳዋ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የደቻቱ ወንዝ ወለል ሰው የሚመላለስበትና የሚገበያይበት አሸዋ ሆኖ ሳለ፣ በኦገስት ወር 2006 በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። አምቡሊም በኤፕሪል ወር 2004 እንዲሁ በድንገት ደርሶ በዳርቻው የነበሩትን ሠፈሮች ሲያጥለቀልቅ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በኖቬምበር ወር 2019 ደግሞ በጅቡቲ አንዳንድ ስፍራዎች የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን መውረዱን የሀገሪቱ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በጋራ አስታውቀው ነበር። በበረሐ ያገለገለ ወታደር ሁሉ በደረቅ ወንዝ ወለል ላይ ድንኳን እንደማይተከል ያውቃል። አባቶችም «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል

ወደ ወንዙ አፍ የሚመጣው የጎርፍ ውኃ ብቻ አይደለም። ባሕሩም በበኩሉ ወደ የብሱ ይወጣል፤ ተመልሶም ይሸሻል። ጨረቃና ፀሐይ የባሕሩን ውኃ ስለሚስቡት የባሕሩ ከፍታ በቀን ውስጥ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን የሁለቱ ስበት ስለሚተባበር ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በእነዚህ ቀናት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። የጠረፉ መሬት ደግሞ ዝርግ ስለ ሆነ፣ ውኃው በጎደለ ጊዜ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይገለጣል፤ በሞላ ጊዜ ያው ሜዳ ባሕር ይሆናል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ በሚፈሱ ወንዞች አፍ ላይ ሰው ከባሕሩ ወደ ወንዙ ባቀና ቁጥር የውኃው ጨው እየቀነሰ ይሄዳል። በአምቡሊና እሱን በመሰሉ የበረሐ ወንዞች አፍ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ይህ ውኃ በሙላቱ ጊዜ ወደ የብሱ ገብቶ በየጉድጓዱና በየሜዳው ከተኛ በኋላ፣ በብርቱ ፀሐይ እየተነነ ጨዉን ትቶ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሙላት ሌላ ጨው ይጨመርበታል። ስለዚህ ከባሕሩ ጥቂት ራቅ ያለው መሬት ከባሕሩ ከራሱ የበለጠ ጨዋማ ይሆናል፤ አልፎ አልፎም በነጭ ቅርፊት ተሸፍኖ ይታያል። ይህን ጨው የሚያጥበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ አንዳንዴም በዓመታት መካከል የሚመጣው የአምቡሊ ጎርፍ ነው። ሰው የሚፈራው ጎርፍ ለዚያ ምድር እጥበት ነው ማለት ነው።

ዕፅዋቱ እንደ ሠራዊት በየመስመራቸው

በዚህ ምድር የሚኖሩት ዕፅዋት በዘፈቀደ ተደበላልቀው የሚበቅሉ አይደሉም። እንደ ሠራዊት እያንዳንዱ በየመስመሩ ተሰልፎ ይገኛል። የመስመሩ ወሰንም ጨውና የባሕሩ ከፍታ ነው።

በመጀመሪያው መስመር፣ ውኃው በጎደለ ጊዜ እንኳ ብዙ በማይገለጥበት ስፍራ፣ የባሕር ሣር አለ። ይህ አበባ የሚያወጣና ሥር ያለው እውነተኛ ተክል ሲሆን፣ ከአለት ላይ ከሚጣበቀው የባሕር አረም ይለያል። ሥሩ አሸዋውን አጥብቆ ይይዛል፤ ቅጠሉ የባሕር ዔሊ ቀለብ ነው፤ በመካከሉም የዓሣ ጫጩቶች ይሸሸጋሉ። ከርሱ ቀጥሎ ዕፅዋት የሌሉበት የሚመስለው የጭቃ ሜዳ ይመጣል። በዓይን አይታይም እንጂ ጭቃው በደቃቅ ተክሎች የተሸፈነ ነው። ትላትልና ሸርጣኖች እነዚህን ይመገባሉ፤ ከሩቅ ሰሜን አገር ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎችም ትላትሉንና ሸርጣኑን ይለቅማሉ።

በሦስተኛው መስመር ማንግሮቭ የተባለው የባሕር ዳር ዛፍ ይቆማል። ከሐራሙስ አንሥቶ እስከ ሶማሊያ ወሰን እስከ ሎያዳ በሚዘረጋው ጠረፍ የሚገኘው ዓይነት በሳይንስ ስሙ አቪሴኒያ ማሪና ይባላል። ከከተማይቱ ፊት ለፊት ባለችው በሙሻ ደሴት ደግሞ ሪዞፎራ ሙክሮናታ የሚባለው ሌላው ዓይነት ይገኛል። ይህኛው ከግንዱ እንደ ድንኳን ካስማ ወደ ውጭ ተወጥረው በሚወርዱ ሥሮቹ ይታወቃል። ከእነዚህ ዛፎች በስተ ኋላ፣ ሙላቱ በወር ጥቂት ቀን ብቻ በሚደርስበት መሬት፣ ቅጠላቸው ወፍራምና ውኃ የቋጠረ ዝቅተኛ ቁጥቋጦዎች ይበቅላሉ። ከዚያም ወዲያ ጨዉ ከሚገባው በላይ ስለ በዛ ምንም የማይበቅልበት ራቁት ሜዳ አለ።

ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው በመጨረሻ የየብሱ ዛፎች ይቀበሉታል። ጥርሳችንን የምንፍቅበት የመፋቂያ ዛፍና የግራር ዝርያዎች ከአሸዋው በታች ያለውን እርጥበት በረጃጅም ሥሮቻቸው እየፈለጉ ይኖራሉ። በአምቡሊ መንደር አካባቢም የቴምር ዛፍና የአትክልት ቦታዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቁ ናቸው።

ዛፍ በጨው ውስጥ እንዴት ይኖራል?

በቤታችን ያለውን አበባ የባሕር ውኃ ብናጠጣው በጥቂት ቀን ይደርቃል። ማንግሮቭ ግን በባሕር ውኃ ተነክሮ ይኖራል። ይህን ያስቻሉት ሦስት ዋና ዋና ዘዴዎች ናቸው።

አንደኛው ጨውን መከላከል ነው። የአቪሴኒያ ሥር ውኃውን ሲስብ ከጨዉ አብዛኛውን በደጅ አስቀርቶ ነው። አምልጦ የገባውን ጨው ደግሞ በቅጠሉ ላይ ባሉት ደቃቅ ዕጢዎች አማካይነት ወደ ውጭ ያስወጣዋል። በሞቃት ቀን ቅጠሉን የዳሰሰ ሰው ጨው በጣቱ ላይ ያገኛል።

ሁለተኛው የመተንፈስ ዘዴ ነው። የጠረፉ ጭቃ ድፍን ስለ ሆነ አየር አይገባበትም፤ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስለው ሽታውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ ዛፉ ከዋናው ሥሩ ላይ እንደ እርሳስ የቆሙ ብዙ ትናንሽ ሥሮችን ወደ ላይ ያበቅላል። እነዚህ ባሕሩ ሲጎድል ከጭቃው በላይ ብቅ ብለው አየር ይስባሉ። በአንድ ዛፍ ዙሪያ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ይገኛሉ። በላያቸው አፈር ሲደፋባቸው ወይም ዘይት ሲፈስባቸው ዛፉ ታፍኖ ይሞታል።

ሦስተኛው ዘሩን የሚያሳድግበት መንገድ ነው። የማንግሮቭ ፍሬ መሬት ወድቆ እስኪበቅል አይጠብቅም፤ ገና በእናቱ ላይ ሳለ ይጎነቁላል። ከወደቀ በኋላ በውኃው ላይ ተንሳፎ ይጓዛል፤ ምቹ ጭቃ ባገኘ ጊዜም በፍጥነት ሥር ይሰዳል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ በቀን ሁለት ጊዜ በሚመላለስ ባሕር ውስጥ ቡቃያ ሊጸና ባልቻለ ነበር።

ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ቀለብ

እንግዲህ ማንግሮቭ ጨውን ይህን ያህል የሚችል ከሆነ፣ ለምን በጠረፉ ሁሉ አይበቅልም? ለምንስ በወንዝ አፍና በጎርፍ መውጫ ብቻ ተሰብስቦ ይገኛል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጡት በቀይ ባሕር ዳር የሠሩ አንድ ሳይንቲስት ናቸው።

ጎርደን ሳቶ የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና ወጣት ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር በካሊፎርኒያ ማንዛናር በተባለ የግዞት ሠፈር ታስረው ነበር። ኋላም በምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎ የጀመሩትን ሥራ በዚያው ሠፈር ስም ጠሩት። ሳቶ ጠረፉን ሲመረምሩ ማንግሮቭ የሚበቅለው የዝናብ ጎርፍ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን በሚወርድባቸው ስፍራዎች መሆኑን ተመለከቱ። ብዙ ሰዎች ይህ የሆነው ጎርፉ ጨዉን ስለሚያቀጥነው ነው ይሉ ነበር። እርሳቸው ግን ዋናው ነገር ጎርፉ ከየብስ ጠርጎ የሚያመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው አሉ።

ይህንም በተግባር ፈተኑት። ገበሬዎቻችን ከሚያውቁት ከዩሪያና ከዳፕ ማዳበሪያ ጥቂት ጥቂት በላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ ከረጢቱን በስተው፣ ከቁራጭ ብረት ጋር በየችግኙ ሥር ቀበሩ። ማዳበሪያው በዝግታ እየወጣ ችግኙን መገበው። ከዚያ በፊት ዛፍ ባልነበረበት የሕርጊጎ ባሕር ዳር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ማንግሮቭ በቀለ፤ ቅጠሉና ፍሬውም ለበግና ለፍየል መኖ ሆነ። ሳቶ ለዚህ ሥራቸው በ2002 የሮሌክስ ሽልማት፣ በ2005 ደግሞ ብሉ ፕላኔት የተባለውን የጃፓን ሽልማት ተቀብለዋል። ያረፉት በ2017 ነው።

የሕርጊጎ ትምህርት ለአምቡሊም ይሠራል። ጎርፉ ደለሉንና ማዕድኑን ይዞ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ዛፉን ይመግባል። ዛፉ ቅጠሉን ያረግፋል፤ የረገፈውን ቅጠል ሸርጣኑ ይቆራርጠዋል፤ ሽሪምፕና የዓሣ ጫጩት በሥሮቹ መካከል ተጠልለው ያድጋሉ፤ ካደጉ በኋላም ወደ ጥልቁ ባሕር ወጥተው የዓሣ አጥማጁ መረብ ውስጥ ይገባሉ። ዓሣ አጥማጁ በገበያ የሚሸጠው ዓሣ ከኮረብታው በወረደ ጎርፍ የተቀለበ ሊሆን ይችላል።

በአሸዋው ሥር ያለው ውኃ

ወንዙ ለከተማይቱ ያደረገው ውለታ በዓሣ ብቻ የሚለካ አይደለም። ጎርፉ ባለፈ ጊዜ ከፊሉ ውኃ ወደ አሸዋው ሰርጎ በመሬት ውስጥ ይከማቻል። ጅቡቲ ከተማ ከተቆረቆረችበት ከ1888 በኋላ ባደገችባቸው ዘመናት ሁሉ ሕዝቧ የጠጣው፣ ከ1897 ጀምሮ የተዘረጋውም የባቡር ሐዲድ ጣቢያ የተገለገለበት ውኃ ከዚህና ከአካባቢው የጉድጓድ ውኃ የተቀዳ ነው። ይሁን እንጂ ከመሬት በታች ያለው ውኃና ባሕሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ጨው አልባው ውኃ ከሚተካው በላይ ሲቀዳ፣ ባሕሩ ቦታውን ለመያዝ ይገፋል፤ ጉድጓዱም ቀስ በቀስ ይጨመማል። በጅቡቲም የሆነው ይኸው ነው። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ጉድጓዶቹ በዙ፤ የውኃውም ጨው እየጨመረ ሄደ።

ይህን ችግር ለማቃለል በ2017 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሀዳጋላ እስከ ጅቡቲ 102 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውኃ ቧንቧ ተመርቋል። የቧንቧው አቅም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ጎረቤት ሀገር ውኃ መላኩ መልካም ነው። ነገር ግን ቧንቧ መጣ ተብሎ የገዛ ወንዝን መርሳት አይገባም፤ በችግር ቀን ከደጅ ያለ ጉድጓድ ከሩቅ ቧንቧ ይቀርባልና።

በዚሁ በከርሰ ምድሩ ውኃ ላይ ሌላ ባላጋራ ተነሥቷል። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ የትውልድ ሀገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ በረሐን ያለማል ተብሎ ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባ ነው። በአፋር የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ጉዳቱን በሚገባ ያውቁታል። በጅቡቲም በወንዝ ወለሎች ላይ ተስፋፍቶ የሀገሩን ግራርና ሣር እየገፋ ይገኛል፤ ሥሩም ወደ ጥልቅ ገብቶ የመሬቱን ውኃ ይሻማል። ዛፍ ሁሉ ጠቃሚ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ጥያቄው የትኛው ዛፍ በየትኛው ስፍራ ነው።

ከተማይቱና የወንዟ አፍ

ጅቡቲ ከባሕር ላይ የተወሰደች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያ የተሠራችው ባሕሩ በሞላ ጊዜ እርስ በርሳቸው በሚለያዩ ዝቅተኛ የዛጎል ድንጋይ ደሴቶችና ጉብታዎች ላይ ነበር። በመካከላቸው የነበረው የጭቃ ሜዳ እየተደለደለ መንገድና ሠፈር ሆነ። ሳሊን የሚባለው ሠፈር ስም ራሱ ቀድሞ ጨው ይመረትበት ከነበረው ሜዳ የመጣ ነው። ለከተማ ዕድገት መሬት ማስፈለጉ የታወቀ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ችግሩ የሚመጣው ባሕሩና ወንዙ ለራሳቸው የያዙት መሬት እንደ ባዶ መሬት በተቆጠረ ጊዜ ነው።

የወንዝ አፍ ባዶ መሬት አይደለም። ጎርፉ በመጣ ጊዜ ተዘርግቶ የሚያርፍበት ሜዳ ነው። ሜዳው በአፈርና በቆሻሻ ተደልድሎ ቤት በተሠራበት ቁጥር ጎርፉ መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ሠፈሮቹ ይመለሳል። በተለይም ከባድ ዝናብ ከባሕሩ ሙላት ጋር በገጠመ ሰዓት ውኃው ከሁለት ወገን ስለሚጋፋ አደጋው እጥፍ ይሆናል። የ2004 ጎርፍ ያስተማረው ይህንኑ ነው። በደረቅ ወቅት ርካሽ መስሎ የታየ መሬት በአንድ ሌሊት በሰው ሕይወት ይከፈልበታል።

ለዚህ የባሕር ዳር ጥበቃ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ከሐራሙስ እስከ ሎያዳ ያለው ጠረፍ፣ በ1971 በኢራን ከተማ በራምሳር በተፈረመው የረግረግ መሬቶች ስምምነት መዝገብ ውስጥ 3,000 ሄክታር ስፋት ኖሮት ተመዝግቧል። የጅቡቲ መንግሥትም በ2004 ባወጣው ሕግ ይህንኑ ስፍራ ከሙሻና ከማስካሊ ደሴቶች፣ በሰሜን ካለው ከጎዶሪያ የማንግሮቭ ደን ጋር በአንድነት ጥበቃ የሚደረግለት አድርጎታል። ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ላይ ሳለ ግመል ቅጠሉን ይበላል፤ ለማገዶና ለግንባታ የሚሆን እንጨት ፈላጊም ግንዱን ይቆርጣል፤ ከከተማው የሚወርድ ላስቲክም በሚተነፍሱት ሥሮች ላይ ይጠመጠማል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ከባድ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ የወንዙ ወለልና መውጫው ከቤትና ከቆሻሻ ነፃ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ማንግሮቭ ሲተከል ጎርፉ ደለሉን በሚያሳርፍበት ስፍራ መሆን አለበት፤ ችግኙም እስኪጠና ከግመል መጠበቅ ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ ጎርፉ ሁሉ ወደ ባሕር እንዳይሮጥ በላይኛው የወንዙ ክፍል ውኃውን የሚያዘገዩና ወደ መሬት እንዲሰርግ የሚያደርጉ ግድቦችን መሥራት ሲሆን፣ በዚህም ጊዜ ለወንዙ አፍ የሚበቃው ድርሻ እንዳይቀርበት መጠንቀቅ ያሻል። አራተኛ፣ ለትምህርት ቤት ልጆች ይህን ስፍራ ማሳየት ነው። ባሕሩ በጎደለ ጊዜ አንድ ሰዓት በጭቃው ዳር የቆመ ልጅ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት ይማራል።

ነገሩ ለጅቡቲ ብቻ የሚተው አይደለም። በድሬዳዋ፣ በሰመራና በሌሎችም ቆላማ ከተሞች አጠገብ ደረቅ መስለው የሚታዩ ወንዞች አሉ። ውኃ ቢጠፋባቸውም መንገዳቸውን አይረሱም። ወንዝ ለዓመታት ሳይመጣ ቢቆይ መሬቱን ለቀቀ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ከተማ የሚሠራ፣ ሠፈር የሚመራና ቤት የሚቀልስ ሁሉ ከመሠረቱ በፊት የወንዙን መንገድ ይጠይቅ እንላለን።